ከአማርኛው በታች የቀረው ባዶ

በርገን፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለማራኪ፣

የጌታ ሰላም በቤትሽም በሥራሽም ላይ ይደር። እኛ እዚህ የኖርዌይ ዝናብ ቢያስመርረንም ቸርነቱ አልተለየንም። ልጄ ሆሳዕና ዘንድሮ በመምህርነት ተቀጥራለች፤ በአካል ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች።

ከአገር ስወጣ አንቺ ገና ጨቅላ ስለነበርሽ አውቅሻለሁ ለማለት አልደፍርም። እናትሽ ግን የአጎቴ ልጅ ናትና ዝምድናው ዝምድና ነው። በቀደም የድሮው ጸሎት ቤታችን ሰው ጋሽ ያደሳ ከኮልፌ ደውሎ የመጻሕፍት ገጽ በማዘጋጀት እንደምትተዳደሪ ነገረኝ፤ ደስ አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ የደረስኳቸውን መዝሙሮች ሆሳዕና ወደ ኖርዌይኛ ተርጉማቸዋለች፤ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች እንዲያነቧቸው። በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ኖርዌይኛው ሆኖ፣ እያንዳንዱ አንጓ ከትርጉሙ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዲጀምር እፈልጋለሁ። እዚህ የሞከረው ሰው አልሆነለትም። የአንደኛው መዝሙር አማርኛ ከሁለተኛው መዝሙር ኖርዌይኛ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። መጽሐፉ ለፋሲካ ሰንበት መድረስ አለበት።

በቴሌግራም የሚባል ነገር ስላልመሰለኝ እንደ ደንቡ ደብዳቤ አድርጌ በኢሜይል ልኬልሻለሁ። ፋይሉ ተያይዟል። ለድካምሽ አዲስ ኮምፒውተር በሰው እልክልሻለሁ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

በየነ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ በየነ፣

እርስዎንም ሆሳዕናንም እግዚአብሔር በጤና ያክርማችሁ። እናቴ ሳንሱሲ በሚገኘው ቤቷ ደህና ናት። ሰላምታዎን ግን ገና አላደረስኩም።

ሥራውን እቀበላለሁ። ኮምፒውተር አይላኩ፤ ያለኝ ይበቃኛል።

የምሠራው ላቴክ በሚባል ፕሮግራም ነው። ጽሑፉን በእጅ እየጎተትኩ ቦታ አላስይዝም፤ ምን እንዲደረግ እንደምፈልግ በትእዛዝ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ገጹን ይሠራዋል። የምፈልገው ትእዛዝ ከሌለ ራሴ እፈጥራለሁ። ለእርስዎ መጽሐፍም አንድ ጀምሬያለሁ፤ ስሙን «ትይዩ» ብየዋለሁ። አማርኛውን አንጓ በማይታይ ሳጥን ያስቀምጥና ቁመቱን ይለካል፣ ኖርዌይኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን ያወዳድርና የረጅሙን ቁመት ለሁለቱም ይሰጣል። አጭሩ ከሥሩ ባዶ ይተርፈዋል፣ ቀጣዩ አንጓ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረልኝም ነበር። ፕሮግራሙ ቁመት ሲባል የሚገባው ከመስመሩ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከመስመሩ በታች የሚወርደውን ለብቻው ይይዘዋል። ያንን ሳልደምር ለክቼ ረጅሙን አጭር አልኩት። አሁን ሁለቱን ደምሬ ነው የማወዳድረው። ናሙናውን ይመልከቱልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አምስተኛው መዝሙር እንዲህ ይላል፦

አትፍራ አለኝ፣ ማን ነው የሚከስህ፣
እኔ ነኝ አባትህ፣ አንተ ነህ ወራሽ።

ቤት አይመታም። የትየባ ስህተት ይሆን?

አክባሪዎ ማራኪ

በርገን፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማራኪ፣

ጌታ እጅሽን ይባርክ። ናሙናውን ለሽማግሌዎቻችን አሳየሁ፤ ሁሉም ተደነቁ። አንጓውና ትርጉሙ እንደ መንታ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ያልወደድኩት አንድ ነገር ነው። ኖርዌይኛው ይረዝማልና ከአማርኛው ሥር በየገጹ ነጭ ባዶ ይታያል። ጥርሱ የወለቀ አፍ አስመሰለው። በአበባ ቅርጽም ይሁን በሌላ ጌጥ ሙዪልኝ። ደግሞ በሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ በየነ» የሚለው ትንሽ ጎላ ይበል።

ስለ አምስተኛው መዝሙር፣ ስህተት የለበትም። መንፈስ ሲሰጠኝ እንዲያ አድርጎ ነው የሰጠኝ። እንዳለ ተይው።

በየነ

ኮልፌ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ስምዎን አጉልቻለሁ። አበባውንም አስገብቻለሁ፤ ትእዛዙ የተረፈውን ባዶ ይለካና የሚመጥነውን ያህል አበባ ይደረድርበታል።

የመዝሙሩን ነገር ግን መተው አልቻልኩም። እኔ በእነዚህ መዝሙሮች ነው ያደግሁት። መዝሙሮቹን ይዞ የወጣው የእርስዎ ካሴት ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ እናቴ ናት ልብስ ስታሰጣ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምታዜማቸው። እሷ ስታዜመው እንዲህ ነው፦

አትፍሪ አለኝ፣ ማን ነው የሚከስሽ፣
እኔ ነኝ አባትሽ፣ አንቺ ነሽ ወራሽ።

ይሄ ቤት ይመታል። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው። እግዚአብሔር ሰው በሚያናግርባቸው መዝሙሮች የሚያናግረው ሴት ነበር፤ ሁሉም ቦታ «አንቺ» ወደ «አንተ» ተቀይሯል፣ የተቀየረበትም ቦታ ሁሉ ያነክሳል።

ስለዚህ ሳልሸፋፍን እጠይቅዎታለሁ። መዝሙሮቹን የደረሰው ማን ነው? እውነቱን ይጻፉልኝ። ከዚያ በሽፋኑ ላይ ምን እንደሚጻፍ አብረን እንነጋገራለን።

ማራኪ

በርገን፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማራኪ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለመመለስ የዘገየሁት ቁጣዬ እስኪበርድ ነው።

እናትሽ ከመዘምራን ለምን እንደወጣች ታውቂያለሽ። ሳታገባ አንቺን ፀንሳ ነው። ጉዳዩን በጉባኤ ፊት ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ የመዘምራን ኃላፊ ነበርኩና ግዴታዬ ነበር። ዛሬም ቢሆን አቀርበዋለሁ። ካሴቱ ሲወጣ በተወገዘች ሴት ስም መውጣት አይችልም ነበር። ቃሉን እዚህም እዚያም ያመጣችው እሷ ብትሆን እንኳ፣ ያረምኩት፣ ያስጠናሁት፣ ለመድረክ ያበቃሁት እኔ ነኝ። መዝሙር የሚዘምረው እንጂ የሚያንጎራጉረው አይደለም ባለቤቱ።

ያንቺን አወላለድ ከዚህ በላይ ባላነሳው ለሁላችንም ይሻላል። ይህን ጥያቄ ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ። ሥራሽን ጨርሺ። አበባውንም ሽማግሌዎቹ አልወደዱትም፤ ባዶውን ባሻሽ ሙዪው፣ እኔ በጌጥ ምርጫ የማጠፋው ጊዜ የለኝም።

በየነ

ኮልፌ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

እንደምን ከረሙ። እንዳዘዙኝ ጥያቄውን ትቻለሁ፤ ባዶውንም እንዳሉኝ ባሻኝ ሞልቼዋለሁ። መጽሐፉ ተጠናቋል፣ ፋይሉን አያይዣለሁ።

ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያዩት መልካም ነው።

ማራኪ

በርገን፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማራኪ፣

ተባረኪ። በበዓሉ ዝግጅት ተወጥሬያለሁ፤ ገጽ የማገላብጥበት ጊዜ የለኝም። የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ፣ በቀጥታ ለእነሱ ላኪላቸው። አምኜሻለሁ። ያለፈውንም እንተወው፤ ልጅ ስለሆንሽ አልቀየምሽም።

በየነ

ኮልፌ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

ልኬላቸዋለሁ። መልካም የፋሲካ በዓል።

ማራኪ

በርገን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማራኪ፣

ሰላምታ አልጽፍልሽም።

በፋሲካ ሰንበት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከሌላ ከተማ ድረስ የመጡ እንግዶች ነበሩ። መጽሐፉ ለሁሉም ታደለ። ሆሳዕና ልታነብ ተነሳች፤ አምስተኛውን መዝሙር በኖርዌይኛ አነበበች፣ ቀጥላ በአማርኛ። አማርኛዋ ያን ያህል ስላልሆነ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። ጣቷ ወረደና ከአንጓው ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አገኘ። እሱንም አነበበችው። «አትፍሪ አለኝ፣ ማን ነው የሚከስሽ።» ከሥሩ ደግሞ፣ «ግጥምና ዜማ፦ ዘመነች።»

ማይክሮፎኑን ሳታወርድ ወደኔ ዞረች። «አባዬ፣ ዘመነች ማናት?»

«ተቀመጪ» አልኳት።

«በየገጹ አለች እኮ» አለች። እያገላበጠች አሳየቻቸው።

ከኋላ፣ ድሮ ኮልፌ አብረውን ያመልኩ የነበሩ አንዲት እናት ተነሱ። «ዘመነችን ማን ይረሳታል። መዝሙሮቹ የሷ ናቸው። ካሴቱ ሲወጣ ስሟ ለምን እንደቀረ እኛም ጠይቀን ዝም በሉ ተብለናል» አሉ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መጽሐፉን መልሱ ብዬ ሳስነግር አንድም ሰው አልመለሰም።

ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም በአንድ ጠዋት አፈረስሽው። የማላየው መሆኑን አውቀሽ አታለልሽኝ። አሁን ሁለት ነገር ታደርጊያለሽ። አንደኛ፣ ዋናውን የላቴክ ፋይል ትልኪልኛለሽ፤ አስተካክዬ ደግሜ አሳትመዋለሁ። ሁለተኛ፣ የተፈጠረው የፕሮግራም ስህተት መሆኑን ገልጸሽ ለሽማግሌዎቻችን ትጽፊያለሽ።

በየነ

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

እኔ ግን ሰላምታዬን አላስቀርም። ለሆሳዕና ሰላም ይበሉልኝ።

ስህተት የለበትም። ለሽማግሌዎቹ ከጻፍኩም እንዴት እንደሠራሁት ነው የምጽፍላቸው። አበባውን ከትእዛዙ አወጣሁ። የእናቴን ስንኞች እሷ እንደምታዜማቸው አድርጌ በየመዝሙሩ ለየብቻ አስቀመጥኩ። ከዚያ ትእዛዙ በየአንጓው ሥር የተረፈውን ባዶ ከስንኙ ቁመት ጋር እንዲያወዳድር አደረግሁ። ባዶው ከበለጠ ስንኙን ከነስሟ ያስገባል። ካልበቃ ስሟን ብቻ ያስገባል። ልጅዎ ስትተረጉም ሰፋ አድርጋ ነውና ቦታ አልቸገረኝም። ስሟ ያልገባበት መዝሙር የለም።

አታለልሽኝ ላሉት፣ ይዩት ብዬዎታለሁ። እንደማያዩት ማወቄም እውነት ነው። የጻፉልኝን አንብቤ እርስዎ ሌላ ሰው የሠራውን እንደማይመለከቱ ገብቶኝ ነበር። እዚያች 18 ማዞሪያ ታክሲ ተራው አጠገብ ባለች ክፍሌ ቁጭ ብዬ፣ ከታች ረዳቶቹ «አስኮ፣ አስኮ» እያሉ ሲጮኹ፣ እያንዳንዱን ገጽ እያየሁ ፈግጌያለሁ። አልደብቅዎትም። ደስ ብሎኛል።

የናቴን ነገር እንደ መዝገብ ጉዳይ አድርገው ጽፈውልኛል። እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር። የመዘምራን ልብሷን ለብሳ ከፊት ቆማ ሳለ እርስዎ ስሟን ጠሩ። የፀነሰችውን ለጉባኤው ተናገሩ፤ እኔን ማለትዎ ነው። ልብሱን እዚያው አውልቂ አሏት። አወለቀች። በወንበሮቹ መሐል እስከ በሩ ድረስ ስትሄድ አንድም ሰው አልተነሳላትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ዘምራ አታውቅም። አባቴ በዓመቱ አግብቷታል፣ ደግ ባል ሆኖላት አርፏል፤ እሱን ጠይቀው አያውቁም።

ፋይሉን አልልክም።

ማራኪ

በርገን፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማራኪ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ያቋረጥኩት ደብዳቤ ነው።

ሆሳዕና የእናትሽ ስም ከፊት ሽፋኑ ላይ ካልገባ ትርጉሜን አውጡልኝ ብላለች። በሯን አልዘጋችብኝም፤ ስመጣ ሻይ ታፈላለች፣ ግን አታናግረኝም። ሽማግሌዎቹም ከአገልግሎት ለጊዜው እረፍ ብለውኛል። የፈለግሽው ይህ ከሆነ ሆኖልሻል።

ፋይሉን አልጠይቅሽም። የእናትሽን ስልክ ላኪልኝና በግሌ ላናግራት። ወይም የይቅርታ ቃል እጽፋለሁ፣ ጋሽ ያደሳ በጸሎት ቤቱ ያንብብልኝ።

በየነ

ኮልፌ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎ።

እስከ ትናንት እናቴ ስለ መጽሐፉ ምንም አታውቅም ነበር። ደብዳቤዎ ሲመጣ ሌላ መንገድ አልነበረኝምና አንድ ቅጂ አሳትሜ ሳንሱሲ ወሰድኩላት። በመስኮቱ በኩል ወንበር ስባ፣ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። አላለቀሰችም። እንደምታለቅስ ጠብቄ ሶፍት ይዤ ነበር።

አሥራ አንደኛው መዝሙር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ላይ ስሜን ማን አስገባው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«የኔ አይደለም። በየነ የደረሰው ነው። አባቱ የሞቱ ጊዜ አስኮ ሆኖ ጽፎት፣ ቆሞ እያነበበ አሳይቶኛል። አንሺው።»

«እማ፣ እሱ ያንቺን ሁሉ ወስዶ የለም?» አልኳት።

«እሱ ወሰደ። እኔ የሰው አልወስድም። ዛሬውኑ አንሺልኝ» አለች። ቀና ብላም አላየችኝም።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበርኩም፤ አሥራ አንደኛው የእርስዎ ነው። በሚቀጥለው ኅትመት ስሟን አወጣለሁ፣ የእርስዎንም አስገባለሁ። ባልደብቅዎ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው።

ጥያቄዎን ከዚያ በኋላ ነገርኳት። ስልኩን አትስጪው አለች። ስለሚነበበው ወረቀትም ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦ «ሲያስወጣኝ ያደሳን አልላከም። በገዛ አፉ ነው የተናገረው፣ ያውም ሰው ፊት። የሚለው ነገር ካለ እዚያው ቤት፣ እሁድ ጠዋት፣ ራሱ ቆሞ ይበለው። ካልሆነ ይተወው። እኔ እስካሁን ኖሬያለሁ።»

ማራኪ

በርገን፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማራኪ፣

ሰላም ይሁንልሽ።

የአሥራ አንደኛውን መዝሙር ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እኔ ራሴ የትኛው የኔ፣ የትኛው የሷ እንደሆነ መለየት ትቼ ነበር። እሷ ግን ያነበብኩላትን ታስታውሳለች። ስድብሽን ሁሉ ችዬው ነበር፤ ይሄኛው ከበደኝ።

ለሆሳዕና አነበብኩላት። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ነው ያለችኝ።

ትኬት ቆርጫለሁ። መስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ፣ ሆሳዕናም አብራኝ ናት። እሁድ ከጸሎት ቤቱ እንድገኝ ጋሽ ያደሳ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዷል። ጉልበቴን ያመኛልና ቆሜ ብዙ መናገር አልችልም፤ የምችለውን ያህል እናገራለሁ። እናትሽ ምን ትላለች? ትመጣለች ወይ? ይቅር ትለኝ ይመስልሻል?

በየነ

ኮልፌ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በየነ፣

መንገዱን ያቅልልዎ፤ ሆሳዕናንም በሰላም ያግባልን።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለቴ አስደገመችኝ። እመጣለሁ ብላለች፤ አዲስ ቀሚስም አሰፍታለች። ከፊት ለመቀመጥ ቀድማ እንደምትወጣም ነግራኛለች። በጸሎት ቤቱ በር ከዚያ እሁድ ወዲህ አልገባችም።

ይቅር ትለኝ ይሆን ብለዋል። ጠይቄያት «ሲናገር እሰማዋለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የራሴን ከጠየቁኝ እኔ ገና ነኝ። የሚመጡትም ለሆሳዕና ሲሉ ይሁን ለእናቴ ሲሉ መለየት አልቻልኩም፤ ምናልባት እርስዎም አልለዩትም ይሆናል። ወንበርዎን ግን እኔ ነኝ የማዘጋጀው፤ ጉልበትዎ ሲያምዎ ከንግግሩ በኋላ ይቀመጡበታል።

ከቦሌ የምቀበላችሁ እኔ ነኝ። እናቴ አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች። ለጋሽ ያደሳም፣ ለጎረቤቱም፣ ለዘመዱም ሁሉ ደውላ ነግራለች። «እሁድ ቆሞ እስኪናገር ድረስ ማንም እንዳይስመው» ብላለች።

ስለዚህ ሆሳዕናን አቅፌ እስማታለሁ። ከእርስዎ ሻንጣዎን እቀበላለሁ።

ማራኪ